የውሻ ጥገኛ ተውሳኮች

ውሻን የሚያጠቁ ተውሳኮች ከፊሎቹ ቆዳ ላይ ይኖራሉ፤ ቁንጫ፣ መዥገር፣ ቅማልና እከክ አምጪው ተውሳክ እነዚህ ናቸው። ወስፋት፣ መንጠቆ ትልና ኮሶ ደግሞ አንጀት ውስጥ ናቸው። መድኃኒት በአብዛኛው የሚገድለው በሚሰጥበት ዕለት ውሻው ላይ ያለውን ነው። ምንጩ ግቢ ውስጥ ወይም የሚበላው ነገር ላይ ከቀረ በጥቂት ሳምንታት ተመልሶ ይመጣል።

በጣም የተለመደው የውሻ ኮሶ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተቆራርጦ የሚወጣው ትል በፊንጢጣ ዙሪያ ባለው ፀጉርና ውሻው በተኛበት ጨርቅ ላይ ይገኛል፤ ትኩስ ሲሆን ነጭና የሚንቀሳቀስ ነው፣ ሲደርቅ የሩዝ ፍሬ ይመስላል። (መቀመጫውን መሬት ላይ የሚጎትት ውሻ ሁሉ ትል አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የፊንጢጣ ዕጢዎቹ ሞልተው ነው።) ውሻው ኮሶውን የሚያገኘው ገላውን ሲነካክስ ቁንጫ ስለሚውጥ ነው። የትል መድኃኒቱ ሜቤንዳዞል ይህን ኮሶ አይነካውም። የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑም በኪሎ 5 ሚሊግራም። ክብደቱን ለማወቅ አቅፎት ሚዛን ላይ መውጣትና የራስን ክብደት መቀነስ ይቻላል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ሚሊግራም ይበቃል፤ ለሰው ቢልሃርዝያ የሚሸጠው ባለ 600 ሚሊግራም ኪኒን የስድስት እንዲህ ያሉ ውሾች መጠን ነው።

ቁንጫው ካልጠፋ ግን ኮሶው በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይታያል። ቁንጫ መኖሩን ለማረጋገጥ ፀጉሩን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሮ የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው፤ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የተፈጨ ደም ስለሆነ የቁንጫ ኩስ ነው። ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ (ቁንጫ ከመሆኑ በፊት በሽፋን ተጠቅልሎ የሚቆየው) ሆኖ ምንጣፍና ወለል ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል። ሙሽሬው ፀረ ተባይን ስለሚቋቋም የውሻውን ሕክምና፣ መኝታውን በፈላ ውኃ ማጠብንና መጥረግን ቢያንስ ለሦስት ወር አለማቋረጥ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ባለቤቱ የማያየው ኮሶ፣ ኢኪኖኮከስ ነው። ቁመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ውሻውንም አያከሳውም፣ አያስቀምጠውም። ለበዓል በግ ሲታረድ ወይም የቅርጫ በሬ ሲከፋፈል ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ውኃ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የትል ራሶች እያንዳንዳቸው በውሻው አንጀት ትል ይሆናሉ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላም እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ፣ ከዚያ በእጅ ወደ አፍ ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ለዓመታት ቀስ እያለ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። የተበላሸውን የሆድ ዕቃ ማቃጠል ወይም ውሻ ምሶ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ይገባል፤ ለውሻ የሚሰጥ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል። እርድ በሚበዛበት አካባቢ ፕራዚኳንቴል በየስድስት ሳምንቱ ይሰጣል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል የሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት ዓይነ ምድር መቃጠል ወይም በጥልቀት መቀበር አለበት።

ቡችሎች ወስፋትን ገና በማኅፀን፣ መንጠቆ ትልን ደግሞ ከእናታቸው ጡት ይወስዳሉ። ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው የከሳ ቡችላ ወስፋት እንዳለበት ይጠረጠራል፤ ድዱ የነጣና ጥቁር ቅዘን የሚቀዝን ከሆነ መንጠቆ ትል ደሙን እየጨረሰው ስለሆነ ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ይሂድ። የትል መድኃኒቱ ፒራንቴል በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንታቸው፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወር በየወሩ ይሰጣል። እናቲቱም አብራ ትታከማለች።

መዥገር ጆሮ ውስጥ፣ በጣቶች መካከልና በአንገት ማሰሪያው ሥር ይደበቃል። በወረንጦ ቆዳው ድረስ ገብቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ጋዝ ማፍሰስና በክብሪት ማቃጠል መዥገሩን አስጨንቆ ምራቁን ወደ ቁስሉ ያስተፋዋል። መዥገር ከነበረበት በኋላ የሚያተኩስ፣ የሚነስር ወይም ሽንቱ ቡና የመሰለ ውሻ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

እከክ ከጆሮ ጠርዝና ከክርን ይጀምራል። ለከብት የሚወጋው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ስላለው፣ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ሲታሰብ ለ10 ኪሎ ውሻ የሚደርሰው 0.2 ሚሊሊትር ብቻ ነው፤ በግምት የተሞላ ሲሪንጅ ብዙ ውሻ አንቀጥቅጦ፣ ዓይን አጥፍቶ ገድሏል። ኮሊና መሰል ዝርያዎች ይህንንም መጠን ላይችሉት ይችላሉ። ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖንም እንዲሁ ነው፦ ምራቁ የሚዝረከረክና የሚንቀጠቀጥ ውሻ ወዲያው በሳሙና ታጥቦ ለመርዙ ማርከሻ ለአትሮፒን ወደ ሐኪም ይሮጣል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ባለበት ቤት አይግባ፤ ጥቂት ጠብታው ድመትን ይገድላል።