ራፕ ሜታል ምንድን ነው? የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ታሪክ

«ዘ ማትሪክስ» የተባለውን የ1999 ፊልም እስከ መጨረሻው ያየ ሰው፣ ስሙን ባያውቀውም ራፕ ሜታልን ሰምቷል። ኒዮ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ ከባድ ጊታር ይገባል። በላዩ አንድ ሰው በንዴት ያወራል፣ ከዚያም ይጮኻል። ያ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን የሚባል የሎስ አንጀለስ ባንድ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ራፕ ሜታል ምንድን ነው ሲባል ቀላሉ መልስ «ራፕና ሄቪ ሜታል ሲደባለቁ» የሚል ነው። ስህተት የለበትም፤ ግን ብዙም አያስረዳም። ለምንድን ነው እነዚህ ሁለቱ የተስማሙት?

ሄቪ ሜታል በ1970 አካባቢ እነ ብላክ ሳባዝ እንግሊዝ ውስጥ ያስጀመሩት ሙዚቃ ነው። የጊታሩ ድምፅ ሆን ተብሎ ይሻክራል፣ ይከብዳል። ጊታሪስቱ ሪፍ የሚባል አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይመታል፤ ዘፈኑ የሚቆመው በዚያ ሐረግ ላይ ነው። ራፕ ደግሞ በ1970ዎቹ በኒውዮርክ ብሮንክስ ሰፈር ከዲጄዎች ጎን የበቀለ ነው። ዲጄው ከሸክላ ላይ አንዲት ቁራጭ ምት ይመርጥና ደጋግሞ ያጫውታታል። ራፐሩ በዚያች ምት ላይ ግጥሙን ያወርዳል። አዝማሪ ግጥም ሲደረድር ማሲንቆው ያንኑ ሐረግ እየተመላለሰ እንደሚጠብቀው ማለት ነው።

እንግዲህ በሁለቱም ቤት የሚደጋገም ነገር አለ። ዲጄው የሚመላልሳትን ምት ጊታሪስቱ በሪፍ ቢተካት ራፐሩ ምንም አይጎድልበትም። የራፕ ሜታል ምሥጢር ይኸው ነው። ዜማ የሚያወጣ ድምፃዊ አያስፈልግም፤ ቃሉ ራሱ እንደ ከበሮ ይመታል።

መጀመሪያ የሞከሩት ራፐሮቹ ናቸው። ራን ዲኤምሲ የተባሉት የኒውዮርክ ልጆች በ1984 በራፕ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር አስጮኹ። በ1986 ደግሞ ከሮክ ባንዱ ኤሮስሚዝ ጋር «ዎክ ዚስ ዌይ»ን እንደገና ሠርተው በአሜሪካ ሰንጠረዥ እስከ አራተኛ ደረጃ ወጡ። በዚያው ዓመት ቢስቲ ቦይስ የተባሉት ራፐሮች ባወጡት አልበም ላይ ስሌየር የሚባለው የሜታል ባንድ ጊታሪስት ኬሪ ኪንግ ጊታር መትቷል። በሁለቱም ሥራ ላይ የአንድ ፕሮዲውሰር ስም አለ፤ ሪክ ሩቢን። ያኔውኑ የስሌየርንም አልበም ይሠራ ነበርና ሁለቱ ዓለማት የተገናኙት በእሱ ስቱዲዮ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሜታሎቹ ወገን አንትራክስ በ1987 ቀልድ ቢጤ ራፕ ሞከሩ። በ1991 ግን ቀልዱን ትተው ከራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ ጋር «ብሪንግ ዘ ኖይዝ»ን ቀረፁ፤ አብረውም ኮንሰርት ዞሩ። የሎስ አንጀለሱ ራፐር አይስ ቲም ቦዲ ካውንት የሚባል የሜታል ባንድ አቋቋመ። ፌዝ ኖ ሞር የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ባንድ ነበር፤ ራፕ ያለበት አንድ ዘፈናቸው በ1990 ቴሌቪዥኑን ሞልቶት ከረመ። ያም ሆኖ አብዛኛው ነገር እንግድነት ይመስላል። ራፐሩ ሜታሉ ቤት ጎራ ይላል፤ ሜታሉም በተራው። ቤቱ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ባንድ፣ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን፣ የመጣው በ1991 ነው።

ቶም ሞሬሎ ጊታሪስት ነው። አባቱ በተባበሩት መንግሥታት ያገለገሉ ኬንያዊ ዲፕሎማት፣ እናቱ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። ከቺካጎ ራቅ ብላ በምትገኝ የነጮች ከተማ፣ ሊበርቲቪል፣ አደገ። ሐርቫርድ ገብቶ በ1986 ተመረቀ። ሐርቫርድ ጨርሶ ባንድ ፍለጋ ሎስ አንጀለስ የሚሄድ ልጅ ያለው ወላጅ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም፤ የሞሬሎ እናት ግን ደጋፊው ነበሩ። እዚያም ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ሴናተር ቢሮ ሠርቷል።

ድምፃዊው ዛክ ዴ ላ ሮቻ ነው። አባቱ ሎስ ፎር በሚባለው የሜክሲኮ አሜሪካውያን ቡድን ውስጥ የነበሩ ሠዓሊ ናቸው። ዛክ ከዚያ በፊት ኢንሳይድ አውት በሚባል የፐንክ ባንድ ይጮኽ ነበር፤ አዲሱ ባንድ ስሙን ያገኘው ለዚያ ባንድ ከጻፈው ዘፈን ነው። «በማሽኑ ላይ መቆጣት» እንደማለት ነው። ቤዝ ጊታሩን የያዘው ቲም ኮመርፎርድ የዛክ የልጅነት ጓደኛ ነበር፣ ድራም የሚመታው ብራድ ዊልክ።

መጀመሪያ ያወጡት በራሳቸው የቀረፁትን ካሴት ነው። ሽፋኑ ላይ የአክሲዮን ዋጋ ከሚታተምበት ጋዜጣ የተቀደደ ቁራጭ አለ፤ በላዩ አንዲት እውነተኛ የክብሪት እንጨት ተለጥፋለች። መልእክቱ ማብራሪያ የሚፈልግ አይደለም።

በኅዳር 1992 አልበማቸው በኤፒክ ኩባንያ በኩል ወጣ። ሽፋኑ በ1963 ሳይጎን ላይ ራሱን ያቃጠለውን ቬትናማዊ መነኩሴ፣ ቲክ ኳንግ ዱክን፣ የሚያሳየው የማልኮም ብራውን ፎቶ ነው። አልበሙ በወጣበት ዓመት ሎስ አንጀለስም ነድዳ ነበር። ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሽከርካሪ ሲደበድቡ በቪዲዮ የተቀረፁት ፖሊሶች በሚያዝያ 1992 ነፃ ሲለቀቁ ከተማዋ ለቀናት ተቃጠለች፤ ከ50 ሰው በላይ ሞተ። «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» የሚለው ዘፈናቸው ፖሊሶችን፣ መስቀል እያቃጠሉ ጥቁሮችን ከሚያስፈራሩት ነጭ ዘረኞች ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል። መጨረሻው ላይ «የምትለኝን አላደርግም» የሚል፣ በስድብ የታጀበ ሐረግ 16 ጊዜ ይደጋገማል። ልጆች ባሉበት ድምፁን ከፍ አታድርጉ።

አሁን ወደ ጊታሩ እንመለስ፤ ለእኔ የባንዱ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። በአልበሙ ላይ ሳምፕል (ከሌላ ቅጂ የተቆረጠ ድምፅ)፣ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) እንዳልተጠቀሙ የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፈዋል። ጉራ ይመስላል። ግን ያለ ማስታወሻው ሰሚው አያምንም ነበር። ሸክላ ሲፈተግ የሚሰማው ስክራች አለ፣ ሳይረን አለ፣ የተበላሸ ማሽን የሚመስል ጩኸት አለ። ሁሉም ከአንድ ጊታር ነው የወጣው።

እንዴት? የኤሌክትሪክ ጊታር ብዙውን ጊዜ ድምፅ የሚይዙ ሁለት ቦታዎች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞር ማብሪያ ማጥፊያ መሰል ቁልፍም አለው። ሞሬሎ የአንዱን ድምፅ እስከ ጥግ ይከፍተዋል፣ የሌላውን ጨርሶ ይዘጋዋል። ከዚያ ቁልፉን ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ሲያንቀሳቅሰው ድምፁ ይቆራረጣል። በሌላው እጁ ክሮቹን ያሽ ያሽ ያደርጋቸዋል። ዲጄው ሸክላውን በአንድ እጅ እየገፋ በሌላው ድምፁን ሲከፍትና ሲዘጋ የሚያደርገው ያንኑ ነው። በእግሩ ደግሞ ዋሚ የሚባል ፔዳል ይረግጣል፤ የኖታውን ከፍታ በአንዴ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። አንዳንዴም ገመዱን ከጊታሩ ነቅሎ ጫፉን በእጁ ይነካካዋል፤ የሚያሰማው ጥዝታም ሙዚቃ ይሆናል። ባንዱ ዲጄ አልነበረውም የሚባለው ለዚህ ግማሽ እውነት ነው።

ፖለቲካው ከመድረክ አልወረደም። በ1993 ፊላደልፊያ ላይ ለሳንሱር ተቃውሞ አራቱም ልብሳቸውን አውልቀው፣ አፋቸውን በፕላስተር ለጥፈው፣ አንዲት ኖታ ሳይመቱ ሩብ ሰዓት ገደማ ቆሙ። በ1996 ቀጥታ በሚተላለፍ የኮሜዲ ፕሮግራም ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ዘቅዝቀው ሰቀሉ፤ የዕለቱ አስተናጋጅ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የነበረው ሀብታሙ ስቲቭ ፎርብስ ነበር። ባንዲራዎቹ ወዲያው ተነሱ፣ ባንዱም ከአንድ ዘፈን በኋላ ከሕንፃው ተባረረ። በዚያው ወር የወጣው ሁለተኛ አልበማቸው ግን በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በጥር 2000 ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሩ ማይክል ሙር በሚመራው ክሊፕ ዎል ስትሪት ላይ ተጫወቱ፤ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በጠራራ ፀሐይ በሮቹን ዘጋ።

አንድ ጥያቄ ግን ሁሌ ይከተላቸዋል። «ማሽኑን» የሚሰድቡት ሰዎች ሥራቸውን የሚያከፋፍለው ኤፒክ የሶኒ ንብረት ነው። ሞሬሎ ሲመልስ በካፒታሊዝም ውስጥ እየኖርክ መልእክትህን የምታሰራጨው ባለው መንገድ ነው ይላል። መልሱ ሙሉ በሙሉ አያጠግበኝም። ግን በጓዳ ቢቀሩ ኖሮ እኛ ስለነሱ አናወራም ነበር፤ ያም መካድ የለበትም።

ያስከተሉት ትውልድ ጩኸቱን ወሰደ፣ ጉዳዩን ተወው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኑ ሜታል የሚባለው ማዕበል መጣ። ሊምፕ ቢዝኪት ስለ ፍቅረኛና ስለ ግል ብስጭት ራፕ አደረጉ፤ በሚሊዮን ሸጡ። ሊንኪን ፓርክ በ2000 ዜመኛ ድምፃዊና ራፐር አጣመሩ፤ በእኛም ዘንድ በብዛት የሚታወቁት እነሱ ናቸው። ሁለቱም ባንዶች ዲጄውን ከነሸክላው መልሰው መድረክ ላይ አውጥተውታል። የሬጅ አባላት ግን አልወደዱትም። በመስከረም 2000 የኤምቲቪ ሽልማት ሊምፕ ቢዝኪት ሲያሸንፋቸው ኮመርፎርድ የመድረኩ ጌጥ ላይ ወጥቶ ይወዘውዘው ጀመር። ታሰረ።

በወሩ ዛክ ባንዱን ለቀቀ፤ ውሳኔ አብረን መወሰን አቅቶናል አለ። ሦስቱ ከድምፃዊው ክሪስ ኮርኔል ጋር ኦዲዮስሌቭ የሚባል ባንድ መሠረቱ፤ ራፕ አልነበረበትም። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ አንድ ግዙፍ የሬዲዮ ኩባንያ ለጊዜው ባይጫወቱ ይሻላል ያላቸውን ዘፈኖች ሲዘረዝር የሬጅን ዘፈኖች በጅምላ አስገባቸው።

በ2007 ተመልሰው መጫወት ጀመሩ። ግን የሚያስቀው የ2009ኙ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የገና ሰሞን አንደኛ የሚወጣውን ዘፈን አራት ዓመት በተከታታይ የያዙት ኤክስ ፋክተር የሚባለው የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር አሸናፊዎች ነበሩ። የሰለቻቸው ባልና ሚስት በፌስቡክ ዘመቻ ከፈቱ፤ የ17 ዓመቱን «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» ግዙ ብለው። ከ500,000 በላይ ተሸጠና አሸነፈ። ቢቢሲ ሬዲዮ ስድቡን እንዲዘሉ ለምኖ በቀጥታ አጫወታቸው፤ አልዘለሉም፤ ተቆረጠ። በሰኔ 2010 ለንደን ላይ በነፃ ተጫውተው ምስጋና አቀረቡ። የተሸነፈው ዘፈንም የሶኒ ነበር፤ ማሽኑ በሁለቱም በኩል በላ።

በ2022 ለኮንሰርት ጉዞ ሲነሱ ዛክ ቺካጎ ላይ እግሩን ተጎዳ። ለተወሰኑ ሳምንታት ተቀምጦ ራፕ አደረገ፣ የቀረው ተሰረዘ። በ2023 የሙዚቀኞች የክብር ቤት የሆነው የሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ሲያስገባቸው ከአራቱ የመጣው ሞሬሎ ብቻ ነው። በጥር 2024 ዊልክ ከእንግዲህ መድረክ ላይ አብረን አንጫወትም ሲል ጻፈ።

መስማት የምትፈልጉ በ1992ቱ አልበም ጀምሩ። ከዚያ «ቡልስ ኦን ፓሬድ»ን ክፈቱ፤ መሃሉ ላይ የሚመጣው ስክራች ጊታር መሆኑን እያሰባችሁ። ቀጥሎ ሊንኪን ፓርክን፣ ዲጄው ሚስተር ሀን የሚገባበትን ቦታ፣ መልሳችሁ ስሙና አስተያዩ።