የወፎች ማነቆ ምንድን ነው?

ማነቆ ሲባል የለመድነው ሌላ ነገር ነው። የውጭ ምንዛሪ ማነቆ፣ የጉምሩክ ማነቆ፣ የትራንስፖርት ማነቆ። እኔ ጅቡቲ ውስጥ በትራንዚተርነት ስለምሠራ ቃሉን በቀን አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ። ኮንቴይነር ሲቆም ማነቆ፣ ሲስተም ሲጠፋ ማነቆ፣ መኪና ጋላፊ ድንበር ላይ ሲሰለፍ ማነቆ። ወፍ የሚያዩ ሰዎችም ተመሳሳይ ቃል እንዳላቸው ያወቅኩት እዚሁ ነው። እነሱ «የጠርሙስ አንገት» ይሉታል። ነገሩ ያው ነው፤ ሰፊው ሁሉ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይጨናነቃል።

ስለዚህ የወፎች ማነቆ ማለት በጣም ሰፊ አገር ላይ ተበትነው የኖሩ ትልልቅ ወፎች፣ በፍልሰት ጊዜ የግዳቸውን ተሰብስበው የሚያልፉበት ጠባብ ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባህር ዳር ላይ ነው የሚገኘው፤ ሁለት የብስ ተቀራርበው መሃላቸው ትንሽ ውሃ ብቻ የሚቀርበት ቦታ። በስፔንና በሞሮኮ መካከል ያለው ጂብራልታር አንዱ ነው፤ ውሃው እዚያ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ባቱሚ የምትባል የጥቁር ባህር ወደብ አለች፤ እሷ ዘንድ ደግሞ ተራራው ባህሩን ገፍቶ ስለሚጠጋው በመከር ወራት ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳኝ አሞራ በዚያች ቀዳዳ ያልፋል። የእኛ ሰፈር ማነቆ በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው ባብ ኤል መንደብ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ክንፍ ያለው ነገር ውሃ ምን አስፈራው? በላዩ መብረር አይችልም?

ይችላል፤ ግን ወፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ክንፋቸውን እያርገበገቡ የሚሄዱ አሉ፤ እነዚህ ስብ አጠራቅመው ይነሱና ባህር የለ፣ ሌሊት የለ፣ ዝም ብለው ይበራሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ አንዲት ገና ግማሽ ዓመት ያልሞላት የባህር ዳር ወፍ ከአላስካ ተነስታ አውስትራሊያ ታስማኒያ ደርሳለች፤ 13,560 ኪሎ ሜትር፣ 11 ቀን፣ አንድም ጊዜ ሳታርፍ። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ወፍ! ለእሷ ማነቆ ምናምን ብሎ ነገር የለም።

ንስር ግን እንደዚያ አይደለም። የስቴፕ ንስርን እንውሰድ። ስቴፕ ማለት ከካዛኪስታን እስከ ሞንጎሊያ የተዘረጋው ዛፍ አልባ የሣር ሜዳ ነው፤ ንስሩ እዚያ ይፈለፈላል፣ የብርዱን ወራት ለማሳለፍ ወደ አፍሪካ ይመጣል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ። ይህን ሁሉ አካል እያርገበገበ ሺህ ኪሎ ሜትር ልሂድ ቢል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚሄደው እየተንሳፈፈ ነው።

የጋለ ምጣድ አናት ላይ እጃችሁን ዘርግታችሁ ታውቃላችሁ? ምንም አይታይም፣ ግን ሙቀቱ እጃችሁን እየገፋ ወደ ላይ ይወጣል። መሬትም ፀሐይ ሲመታት እንደዚያ ናት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ጀምሮ ድንጋዩና አሸዋው ይግላል፣ በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፣ የሞቀው አየር እንደ ምሰሶ ይነሳል። ንስሩ ምሰሶው ውስጥ ይገባና ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ፣ እየዞረ ይወጣል። በነፃ ሊፍት በሉት። አናቱ ላይ ሲደርስ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ ከፍታው ሲያልቅበት ሌላ ምሰሶ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ በዚህ መልክ ይሄዳል፤ ሥራውን የምትሠራለት ፀሐይ ናት።

ባህር ላይ ይህ የለም። ውሃ በቀን እንደ አሸዋ አይግልም፣ ስለዚህ ንስሩ የሚንጠላጠልበት ምሰሶ አያገኝም። ከየብስ ላይ ይዞት የተነሳው ከፍታ ካለቀ ማርገብገብ ግድ ነው፣ ሲደክመው ደግሞ ማረፊያ የለውም፤ እንደ ዳክዬ ውሃ ላይ አይቀመጥ። ለዚህ ነው የውሃው ስፋት የሚያንስበትን ቦታ የሚፈልገው።

አሁን ካርታ አውጡ። ከስቴፕ የተነሱት ንስሮች የአረቢያን ምድር ቁልቁል ወርደው የመን ጥግ ላይ ይደርሳሉ። በግራ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በቀኝ ቀይ ባህር። ቀይ ባህርን ዞሬ በሲናይ ልሂድ ቢሉ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን መመለስ ነው። ፊት ለፊት ግን ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውሃ ብቻ ነው ያለው፤ ማዶው ጅቡቲ። ኦቦክ ከምትባለው የወደብ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ኮር አንጋርን አልፎ፣ ራስ ሲያን የሚባል ወደ ባህሩ የገባ ኮረብታ አለ። ንስሮቹ የሚገቡት በዚያ በኩል ነው።

በ1987 እ.ኤ.አ. መከር ላይ ወፍ አዋቂዎች እዚህ ጅቡቲ ተቀምጠው ቆጥረዋል። አምስት ሳምንት ገደማ ነው የቆጠሩት፤ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ አዳኝ አሞራ አለፈ። ከዚያ ውስጥ ከ75 ሺህ በላይ የሚሆነው የስቴፕ ንስር ብቻ ነበር። አስቡት፣ ያኔ እኮ ከተማው ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ ነበር፣ አንዳችንም ቀና ብለን አላየንም። ብናይስ ምን እንላለን? «አሞራ» ብለን እንገላገላለን። ንስሩም አሞራ፣ ጭልፊቱም አሞራ፣ ጥንብ አንሳውም አሞራ።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ጥቅምት ላይ ነው። ወፍ ማየት እንዲሁ አልጀመረኝም፤ በጅቡቲ ከተማ ጀልባ እየጠበቅኩ ነው የያዘኝ። ባህሩ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ሰፊ ጭቃ ይወጣል፣ ጭቃው ላይ ወፍ ይርመሰመሳል። ከመሃላቸው አንዱን ለይቼ ወደድኩት፤ ነጭና ጥቁር፣ ረጅም እግር፣ ወፍራም ጥቁር መንቁር። ሸርጣን በል ነው። ቆሞ ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ ድንገት ሦስት አራት እርምጃ ሮጦ ሸርጣኗን ከጭቃው ይነጥቃል። ትንሽ ከሆነች ሙሉዋን ይውጣታል፤ ትልቅ ከሆነች እግሯን ይገነጣጥላል። በኋላ ሳነብ ደግሞ የባሰ ገረመኝ። አብዛኞቹ ዘመዶቹ ሜዳ ላይ ሲወልዱ እሱ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው አንድ ነጭ እንቁላል የሚጥለው። ከከተማው ወደ ሎያዳ የሚወስደው ዳርቻ፣ ሃራሙስ ሎያዳ የሚባለው፣ ለእነዚህ ወፎች ሲባል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ረግረጋማ ቦታዎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት መዝገብ ውስጥ የገባ ቦታ ነው። ፍላሚንጎም አለ። የሎያዳ መንገድ ላይ ስትሄዱ ፍጥነት ቀንሱ።

ወደ ንስሮቹ ልመለስ። በጀልባ ኦቦክ ገባሁ፣ አደርኩ፣ ማለዳ መኪና ተከራይቼ ወጣሁ። ሹፌሩ አፋር ነው፣ አማርኛ ይሞክራል። ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ «7 ሰዓት ኦቦክ መግባት አለብኝ»። ጅቡቲን የሚያውቅ ለምን ብሎ አይጠይቅም። የጫት ሰዓት ነው።

3 ሰዓት ላይ ደረስን። ጠበቅን። 4 ሰዓት ሆነ። ወፍ የለም! ይህችን አባባል በሕይወቴ በትክክለኛ ትርጉሟ የተጠቀምኩት ያን ቀን ነው። ሹፌሩ መኪናው ጥላ ሥር ተኝቷል፣ እኔ ሰማይ ሰማይ እያየሁ አንገቴ ዝሏል። ስህተቴ እዚያ ነበር፤ ሰማይ ማየት። 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ዝቅ ብዬ ውሃውን ሳይ፣ ከባህሩ ብዙም ሳይርቅ አንድ ጥቁር ነገር ይመጣል። ያርገበግባል። አራት አምስቴ ያርገበግባል፣ ትንሽ ይንሸራተታል፣ እንደገና ያርገበግባል፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አንዱ በራሴ ላይ ሲያልፍ በባይኖኩላሩ ፊቱን አየሁት። የአፉ ቢጫ መስመር እስከ ዓይኑ መጨረሻ ይዘረጋል፣ የሚስቅ ይመስላል። አፉን ከፍቶ ያለከልክ ነበር። የብስ በረገጠ፣ ማለቴ አሸዋው ላይ በገባ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ማርገብገቡን አቆመ። ክንፉ ቀጥ አለ። መዞር ጀመረ። ሌሎቹም እየመጡ እሱ ያገኘው ምሰሶ ውስጥ ገቡ፣ ተደራርበው እየዞሩ ወጡ፣ ነጥብ ሆኑ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ አገር ተንሸራተቱ። 64 ድረስ ቆጠርኩና ሹፌሩ ሰዓቱን አሳየኝ።

ኦቦክን ብዙ ኢትዮጵያዊ በወፍ እንደማያውቃት አውቃለሁ። በዚያው መንገድ ስንሄድ ልጆች አግኝተናል፤ ቢጫ ጀሪካን ይዘው በእግር ወደ ሰሜን የሚሄዱ፣ አንዳንዱ ነጠላ ጫማ፣ አንዳንዱ ባዶ እግር። ሌሊት በጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ ነው። ያው ጠባብ ውሃ፣ ያው ምክንያት፤ ሌላው ቦታ ሰፊ ስለሆነ። ንስሩ ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ልጆቹ ከዚህ ወዲያ። ውሃና ብስኩት ሰጠናቸው። አንዱ ባይኖኩላሬን አይቶ «የመን ይታያል?» አለኝ። አቧራ ስለነበር አልታየም። ባብ ኤል መንደብ በአረብኛ የእንባ በር ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ወፍ እያየ አልነበረም።

ማነቆ ለቆጣሪ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ የግማሽ አህጉር ንስር ማየት ይቻላል። ለወፉ ግን አደጋ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ቦታ ስለሚያልፍ እዚያ ያለ ችግር ሁሉንም ያገኛቸዋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሽቦው ተቀራርቦ ከተሠራ ክንፈ ሰፊው ወፍ ሁለቱን ሽቦ በአንዴ ይነካና ይቃጠላል። ሱዳን ወደብ አካባቢ እንዲህ ያለ አንድ የቆየ መስመር ለአሥርት ዓመታት ጥንብ አንሳ ሲገድል ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው ከአገልግሎት የወጣው። በቀይ ባህርና በስምጥ ሸለቆ መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተንሳፋፊ ወፎች ይመላለሳሉ፣ 37 ዓይነት ናቸው። ጅቡቲ በ2023 እ.ኤ.አ. ጉቤት አካባቢ 60 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል ማመንጫ መርቃለች። እኔ ንፋስ ኃይል አልቃወምም፣ መብራት ያስፈልገናል። ግብፅ ስዊዝ አካባቢ እንደሚያደርጉት ግን መንጋ ሲመጣ ተርባይኑን ለጥቂት ደቂቃ ማቆም ይቻላል። የስቴፕ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ተመድቧልና ቀልድ አይደለም።

ቀልድ ከተባለ ግን ይህችን ስሙ። የሩሲያ ተመራማሪዎች የስቴፕ ንስሮች ጀርባ ላይ በሞባይል መስመር የሚሠራ መከታተያ ይገጥማሉ። ንስሩ የት እንዳለ በቴክስት ይልካል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሚን የተባለችው ንስር ካዛኪስታን ውስጥ ሞቃቱን ወራት ሙሉ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከረመች፤ መልእክቱ ተጠራቀመ። ከዚያ በቀጥታ ኢራን ገባችና ያን ሁሉ መልእክት በሮሚንግ ዋጋ ላከችው። የተመራማሪዎቹ በጀት አለቀ። «ለንስር ካርድ ሙሉ» ተብሎ ከሕዝቡ ገንዘብ ተዋጣ፣ በመጨረሻ የሞባይል ኩባንያው ዕዳውን ሰረዘላቸው። እኛም ሮሚንግ በልቶን ያውቃል፣ ማንም አላዋጣልንም።

ልታዩ ከፈለጋችሁ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ህዳር መጀመሪያ ነው ደህናው ጊዜ። ውሃ በብዛት ያዙ። ባይኖኩላር ግን ወደብ ውስጥ እንዳታወጡ፤ እኔ አንድ ጊዜ ክሬን ላይ የተቀመጠ ጭልፊት ሳይ አንድ ጥበቃ ይዞኝ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጦኛል። «አሞራ ነው የማየው» ብለው ማን ያምናል? አገሩ በውጭ ጦር ሰፈር የተሞላ ነው፣ አልፈርድበትም።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ጅቡቲ ድረስ መምጣት አያስፈልጋችሁም። እነዚሁ ንስሮች ሲመለሱ ብዙዎቹ በባብ ኤል መንደብ አይደለም የሚሄዱት፤ በሱዳንና በግብፅ አድርገው፣ በስዊዝ ተሻግረው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ በኤላት ሰማይ ያልፋሉ። በአንዱ በር ገብተው በሌላው ይወጣሉ።

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ በዓመት አንዴ ብቅ ስለምል «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» ይሉኛል። ባለፈው ህዳር ሄጄ ባሌ ወሰዱኝ፤ ሳነቲ አምባ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀይ ቀበሮዋ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጣለች። እነሱ እሷን ፎቶ ያነሳሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ አንድ ቡናማ ንስር ያንኑ ፍልፈል ይጠብቃል፤ ቢጫው መስመር እስከ ዓይኑ መጨረሻ።

«ይሄ አሞራ ምንድነው?» አለኝ አንዱ።

«ካዛኪስታን» አልኩት። «በኦቦክ ነው የገባው»።