የጋዝ ሕጎች፦ ቀመሩ ትክክል፣ የገባው ቁጥር ስህተት

የቦይል ሕግ (1662) መጠነ ሙቀት ካልተቀየረ ግፊት ሲጨምር ይዘት በዚያው ልክ ይቀንሳል ይላል። የቻርልስ ሕግ ደግሞ ግፊት ካልተቀየረ ይዘትና መጠነ ሙቀት አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ ይላል። ይህን ተማሪው ሁሉ ይሸመድደዋል። ነጥብ የሚያስጥለው ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። ከታች በጥቅስ ውስጥ ያሉት ርዕሶች ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው አባባሎች ናቸው። የሚከተሉት ስሌቶች ለአዲስ አበባ የተሠሩ ናቸው፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው 101.3 የባሕር ወለል ግፊት ነው።

«ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይዘቱ እጥፍ ይሆናል»

አይሆንም። የሴልሺየስ ዜሮ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ እንጂ ሙቀት የሚያልቅበት አይደለም። ቀመሩ የሚፈልገው ሙቀት ከሚያልቅበት ነጥብ የሚጀምረውን የኬልቪን መለኪያ ነው። 273 ሲደመርበት ከ293 ኬልቪን ወደ 313 ኬልቪን ሄደ ማለት ነው፤ ጭማሪው 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይዘቱን በእውነት እጥፍ ለማድረግ 586 ኬልቪን፣ ማለትም 313 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል። (ሁለቱ 313 ቁጥሮች እንዳይምታቱ፤ መለኪያቸው ይለያያል።)

«ጌጁ ያነበበው ግፊት እንዳለ ይገባል»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ መልሱ ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም። የጎሚስታ ጌጅ ክፍት አየር ላይ ዜሮ ያነባል፤ ስለዚህ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ብቻ ነው። ጠዋት በ15 ዲግሪ ጌጁ 200 ኪሎ ፓስካል ቢል፣ ጎማው ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት (የውጭው አየር 77 ሲደመርበት) 277 ነው። ጎማው 45 ዲግሪ ሲደርስ፣ ይዘቱ ብዙም አልተለወጠም ብለን፣ 277 × 318 ÷ 288 = 306 ይሆናል። 77 ሲቀነስ ጌጁ 229 ያነባል። 200ን በቀጥታ ያስገባ ግን 221 ያገኛል።

«አንድ ሞል ጋዝ ምንጊዜም 22.4 ሊትር ነው»

በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር (በባሕር ወለል ግፊት) ብቻ። ሞል የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ20 ዲግሪ 8.314 × 293 ÷ 77 (8.314 የጋዝ ቋሚ ቁጥር ነው) ስናሰላ 31.6 ሊትር ይመጣል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሰበሰባችሁትን ጋዝ በ22.4 ብታካፍሉት የሞሉ ቁጥር ከእውነተኛው 40 በመቶ ያህል በልጦ ይወጣል።

«ጋዝ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ያብጣሉ»

አያብጡም። ይፈጥናሉ፣ መያዣው መስፋት ከቻለ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፣ በቃ።

«ሲሞቅ ግፊቱ የግድ ይጨምራል»

መያዣው ግትር ከሆነና ውስጡ ያለው ጋዝ ብቻ ከሆነ፣ አዎ። በነፃነት የሚንቀሳቀስ ፒስተን ካለው ግን የሚጨምረው ይዘቱ ነው፤ ግፊቱ ከውጭው ጋር እኩል እንደሆነ ይቆያል። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ውስጡ ፈሳሽ ስላለ፣ መጠነ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ግማሽም ሆነ ሩብ ቢቀር ግፊቱ ያው ነው። የቀረውን ለማወቅ ሲሊንደሩን መመዘን ይሻላል።

«ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር የጋዙ ይዘት ነው»

የቦይል ሕግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሪንጅ ውስጥ ያለ አየር እየተገፋ ግፊቱ ይለካል፤ ሲሪንጁን ከግፊት መለኪያው ጋር የሚያገናኘው ቱቦም አየር ይይዛል። ቱቦው 1 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ ከ20 ወደ 10 ስትገፉ እውነተኛው ይዘት ከ21 ወደ 11 ነው የወረደው። ግፊቱም 154 መሆኑ ቀርቶ 147 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ «አየር አፍስሷል» ብሎ ሲሪንጁን ይቀይራል። የቱቦውን ይዘት ለማወቅ ውሃ ሙሉበትና የገባውን ለኩ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ንባብ ላይ ደምሩት። ደግሞም በፍጥነት የተገፋ አየር ይሞቃል፣ ንባቡም ለጊዜው ከፍ ይላል። ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም ጠብቁና መዝግቡ። ሳያቆም መውረዱን ከቀጠለ፣ ያኔ ነው መገጣጠሚያውን የምትፈትሹት።