«ሄልሜት ሰጥተናል እኮ!»፦ ስለ ፋብሪካ ደህንነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቃሊቲ ተነስታችሁ በአቃቂ፣ በገላን አድርጋችሁ እስከ ዱከም ብትሄዱ ግራና ቀኙ ፋብሪካ ነው። ጥቂት የማይባሉት የውጭ ኩባንያ ቅርንጫፎች ናቸው። በራቸው ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት የላከው የደህንነት ፖስተር ተለጥፏል። ውስጥ ገብታችሁ ከማኔጀሩም፣ ከፎርማኑም፣ ከሠራተኛውም ጋር ስታወሩ ግን ደጋግማችሁ የምትሰሟቸው የተሳሳቱ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልጻፋቸው።

«ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማ ሰጥተናል፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?»

ብዙ ይደረጋል። ሄልሜት፣ ጓንትና ማስክ የመጨረሻ መከላከያ ናቸው። በሙያው የታወቀ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አደገኛው ነገር ጭራሽ እንዲቀር ይሞከራል። ካልሆነ አደጋው በሚቀንስ ነገር ይተካል። እሱም ካልሆነ ጋርድ (የማሽን መከለያ)፣ የአቧራ መሳቢያ ወይም የድምፅ መከለያ ይገጠማል። ከዚያ የአሠራር ደንብና ሥልጠና ይመጣል። ማስክ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ጋ ግን ከመጨረሻው ይጀመራል፣ ምክንያቱም ማስክ ርካሽ ነው።

አንድ የጥጥ ፈተላ ክፍል ገብታችሁ እዩ። ጠዋት ሁሉም ማስክ አድርጓል። እኩለ ቀን ላይ ማስኩ አገጭ ላይ ወርዷል። ልጆቹ ስለማይጠነቀቁ አይደለም። ሙቀት ነው፣ ላብ ያረጥበዋል፣ በዚያ ላይ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ አጠገብሽ ያለችው ልጅ የምትልሽን ለመስማት አፏን ማየት አለብሽ። የጥጥ ብናኝ ደግሞ ለዓመታት ሲሳብ ደረት የሚያፍን በሽታ ያመጣል። መጀመሪያ የሚታወቀው ከእረፍት ሲመለሱ፣ ሰኞ ሰኞ ነው። ብናኙን ከማሽኑ አፍ ላይ ስቦ የሚወስድ መሳቢያ ቢኖር፣ ፊልተሩም በጊዜው ቢቀየር፣ የማስኩ ጭቅጭቅ ግማሹ በቀረ ነበር።

ድምፅም እንደዚሁ ነው። ለ8 ሰዓት ሥራ በብዛት የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር መቆየት የሚቻልበት ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። በጩኸት የጠፋ ጆሮ አይመለስም።

«ዓለም አቀፍ ኩባንያ ነው፣ ደረጃው የትም አንድ ነው»

ወረቀቱ አንድ ሊሆን ይችላል። ሕንድ ውስጥ ቦፓል የነበረው የፀረ ተባይ ፋብሪካ ከግማሽ በላይ ድርሻው የአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 ሌሊት ላይ ሜቲል አይሶሲያኔት የተባለ መርዛማ ጋዝ ከታንክ አመለጠ። ታንኩን ማቀዝቀዝ የነበረበት መሣሪያ ከወራት በፊት ሥራ እንዲያቆም ተደርጓል። የሚያመልጠውን ጋዝ የሚያቃጥለው መስመር ለጥገና ተፈቷል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። አብዛኛው ሠራተኛ እንኳ አልነበረም፣ ከአጥሩ ማዶ ተኝቶ የነበረ ነዋሪ ነው። አቃቂ ውስጥ የፋብሪካ አጥር ተደግፈው የተሠሩ ቤቶችን ያየ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊሰማው አይገባም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ መመሪያው ምን ይላል አይደለም። ጋዝ መለኪያው ይሠራል ወይ? ማን ይፈትሸዋል? መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ እጥረት ወራት ሲዘገይ፣ የምርት መስመሩ ይቆማል ወይስ ያለ መለኪያ ይቀጥላል? ይህን የሚወስነው ሰው ስሙ መታወቅ አለበት፣ «አቁሙ» ለማለትም የማንንም ኢሜይል መጠበቅ የለበትም።

ሕጉን በተመለከተ ደግሞ «እኛ የምንሠራው በውጭው ደረጃ ነው» የሚሉ አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እዚህ የሚሠራውን የውጭ ኩባንያም ይመለከታል። የኩባንያው ደንብና የአገሩ ሕግ ሲለያዩ ጠንከር ያለውን መያዝ ነው። መመሪያውም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።

«ሰርተፍኬት አለን»

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ የተቃጠለው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካም ነበረው። ኤስኤ 8000 የሚባለውን የሠራተኛ አያያዝ ሰርተፍኬት ካገኘ ገና ሳምንታት ነበሩ። በሮች ተቆልፈው፣ መስኮቶች በብረት ታጥረው ከ250 በላይ ሰው ውስጥ ቀረ። አይኤስኦ 45001 የሚባለው የሥራ ደህንነት ደረጃ ጥሩ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣ ጀምሮ ብዙ ድርጅት ሥርዓት እንዲይዝ ረድቷል። ኦዲተሩ ግን ቀኑ ተነግሮ ይመጣል፣ አይቶ ይሄዳል። የሌሊት ሺፍት ላይ የመውጫው በር ክፍት መሆኑን የሚያውቀው የሌሊት ሺፍቱ ነው።

«ይህን ያህል ቀን ያለ አደጋ ሠርተናል»

በር ላይ ያለው ሰሌዳ የሚቆጥረው እጅ መቆረጥንና መውደቅን ነው። ቦይለር ሊፈነዳ መሆኑን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ በሚገኘው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ 15 ሰው ሞተ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የቤከር ቡድን፣ ኩባንያው የግለሰብ ጉዳት ቁጥር መቀነሱን ዋናው ማሽነሪ ደህና ለመሆኑ ምልክት አድርጎ በስህተት እንደወሰደ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዲፕዎተር ሆራይዘን በተባለው የባሕር ላይ ነዳጅ መቆፈሪያ 11 ሰው በሞተበት ቀን፣ አለቆች ሰባት ዓመት ያለ ከባድ ጉዳት መሠራቱን ሊያመሰግኑ እዚያው ነበሩ።

ከዚህ የባሰው ዜሮ አደጋ ላይ ቦነስ ማሰር ነው። ያኔ የተቆረጠ ጣት «ቤት ውስጥ ነው» ይባላል፣ ፎርማኑ ልጁን በኮንትራት ታክሲ ወደ ግል ክሊኒክ ይልከዋል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ግራፍ ያምራል። እኔ ብጠየቅ ዜሮ ላይ የሚሰጠውን ቦነስ ዛሬውኑ አስቀረዋለሁ። ከፎርክሊፍት የወደቀ ግን ማንንም ያልመታ ዕቃ እንኳ መጥቶ የሚነገርበት ፋብሪካ ይሻላል።

«ጥፋቱ የራሱ ነው፣ እጁን ማን ክተት አለው?»

አንድ ሠራተኛ ሚክሰር ውስጥ ጎንበስ ብሎ የደረቀውን ይፍቃል። ማብሪያው ከጀርባው ነው። ሺፍት የተረከበው ልጅ ማሽኑ ቆሞ ያየውና ይጫነዋል። እዚህ ጋ ጥፋተኛ ፍለጋ ለማንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ከመርካቶ የሚገዛ ቁልፍ (ጓጉንቸር) ነው። የሚገባው ሰው ብሬከሩን ያጠፋል፣ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ስሙን ያንጠለጥላል፣ መክፈቻውን ኪሱ ከቶ ይገባል። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ቁልፍ። ከመግባቱ በፊትም ማብሪያውን ተጭኖ ማሽኑ እንደማይነሳ ያረጋግጣል።

አዋጁም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ሲሆን ይለያል፤ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት ትእዛዝ መጣስና ሰክሮ መግባትም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። «በግልጽ የተሰጠ» የምትለዋን ልብ በሉ።

«የኤጀንሲ ሰው ነው፣ የኛ አይደለም»

ጣሪያ ላይ የሚወጣው፣ ታንክ የሚያጥበው፣ የሚጭን የሚያወርደው በአብዛኛው የኮንትራክተር ሰው ነው። አደጋው ያለው እሱ ጋ ነው። ሥልጠናውም ለእሱ ይቅደም።

«ጉድጓዱ አይሸትም፣ ግባ»

ይህችኛዋን በተለይ ልብ ብላችሁ አንብቡ። የቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ማሽተቻውን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሻማ ወይም የተቀጣጠለ ወረቀት ማውረድም ምርመራ አይደለም፣ ሚቴን ካለ ይፈነዳል። በመሣሪያ ይለካል፣ አየር ይነፋል፣ የሚገባው በገመድ ይታሰራል፣ ላይ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳወቀው፣ እንዲህ ባለ ቦታ ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው። ወንድምህ ወድቆ እያየህ አለመግባት ከባድ ነው። ግን በገመድ ሳብ፣ እርዳታ ጥራ፣ ተከትለህ አትግባ።

«ከግቢያችን ከወጣ በኋላ አያገባንም»

ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ዳርና ዳሩ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይመረታል፣ ያው ተመልሶ ከተማ ገብቶ ይበላል። አቃቂ አካባቢ ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶችም ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ይሰጣሉ። ፍሳሽን ውኃ ጨምሮ ማቅጠን ማከም አይደለም። ቆዳ ማልፊያው ክሮም በውኃ ስለቀጠነ አይጠፋም።

ከፍሳሹ ይልቅ በቀጥታ ቤት የሚገባው ደግሞ ጀሪካኑ ነው። ኬሚካል የመጣበት ሰማያዊ ጀሪካን ከጓሮ በር ይሸጣል፣ በኦሞና በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ የውኃ ማጠራቀሚያ ወይም የጠላ ዕቃ ይሆናል። ፕላስቲኩ የጠጣውን ኬሚካል ኦሞ አያወጣውም። ፋብሪካው ወይ ለአቅራቢው ይመልሰው ወይ በስቶና ቆራርጦ ያስወግደው። ምን እንደነበረበት የማታውቁት ጀሪካን ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ውኃውን ድፉት፣ ጀሪካኑንም ብሱት፤ ለጎረቤትም አትስጡ።