ክረምትና ልጆች፦ የምንፈራው ሌላ፣ የሚያሰጋው ሌላ

ሐምሌ ገባ ማለት ልጆቹ ቤት ዋሉ ማለት ነው። ትምህርት የለም፣ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም፣ ሶፋው መዝለያ ሆኗል። "እስቲ ትንሽ አየር ይቀበሉ" ብሎ ይዟቸው ሊወጣ የተነሳ ወላጅ ግን በር ላይ የሚያስቆመው አያጣም። እኛ ያለነው ካራ አካባቢ፣ አዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ባሕር ዛፉም፣ ጅረቱም፣ ጭቃውም ቅርብ ነው። ምክሩም እንደዚያው። ችግሩ፣ ምክሩ የማያስፈራውን ያስፈራራናል፤ የሚያሰጋውን ደግሞ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

"ብርድ ይመታዋል"

ሕፃን አዝላችሁ ብቅ ስትሉ "አንቺ ልጅ፣ ብርድ ልታስመቺው ነው?" የሚሉ እናት በየሰፈሩ አሉ። ከፍቅር ነው፣ መልስ መመለስም ደግ አይደለም። ጉንፋን የሚያሲዘው ግን ቫይረስ ነው። ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ በሳል፣ በማስነጠስ፣ አፍንጫ በነካ እጅ። በክረምት የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም መስኮት ዘግተን አንድ ክፍል ውስጥ ስለምንታጨቅ ነው። አንዱ ልጅ ካስነጠሰ ለሁሉም ይዳረሳል። ውጭ ግን አየሩ ይበትነዋል።

ደግሞ እኮ እኛው ነን በፍልሰታ፣ በክረምቱ መሀል፣ ለቁርባን የምንወስዳቸው። በቡሄ ዋዜማም ዱላ ይዘው "ሆያ ሆዬ" እያሉ ሰፈሩን ሲያዞሩት ማንም ብርድ አላለም።

"ከሰሉ ከቀላ ምንም አያደርግም"

ይሄ ቢሰመርበት ደስ ይለኛል። ልጁን ከብርድ እናድናለን ብለን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል እናስገባለን። ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ፣ አደጋው አለቀ ብለን እናስባለን። የሚገድለው ግን ጭሱ ብቻ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ቀልቶም ይወጣል። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ይይዝበታል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው፤ የተኛ ሰው ግን ይህም አይሰማውም። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከትልቅ ሰው ይቀድማል። በር ተዘግቶ ከሰል አይሞቅም፣ በቃ።

"ወፍራም ጃኬት ከለበሰ አይበርደውም"

መድረቁን ነው እንጂ መወፈሩን አትዩ። ጥጥ ውሃ ከጠጣ ሙቀት አይዝም። ጋቢ ደርቆ እያለ የሚተካከለው የለም፤ ከረጠበ ግን ሸክም ነው። የሱፍ ሹራብና ፖሊስተር በእርጥበት ጊዜ ይሻላሉ። ስስ ስስ ልብስ ደራርቡ፤ ሲሞቀው ይወልቃል። ከቦርሳችሁ ውስጥ የማይቀር ነገር ቢኖር ፌስታል ውስጥ የታሰረ ቅያሪ ካልሲና ሱሪ ነው። ኮንጎ ጫማ ለጭቃ ይበጃል፤ ውስጡ እርጥብ ካልሲ ካለ ግን እግሩን ዳስሱት፣ በረዶ ይመስላል።

እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ከፍታውን አስቡ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ላይኛው ከታችኛው ከ4 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ልጅ ያዘለ ሰው ደግሞ ይህን አያውቀውም። እሱ ዳገቱን ሲወጣ ያልበዋል፣ ጀርባው ላይ ያለው ሕፃን ግን አልተንቀሳቀሰም። የልጁን ሙቀት በእጁ አትለኩ፤ እጅ ሁሌም ይቀዘቅዛል። አንገቱን ከኋላ ዳስሱት።

"ክረምት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይዘንባል"

አይዘንብም። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ወጥቶ መመለስ ይቻላል።

"ዝናቡ እስኪያባራ ዛፍ ስር እንጠለል"

ለካፊያ ይሁን። ነጎድጓድ ካለ ግን ዛፍ ስር መቆም ከሁሉም የከፋ ነው። መብረቅ ረጅሙን ነገር ይመርጣል፤ ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል፣ በመሬትም ይሄዳል። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ከልጆቹ ጋር ቁጠሩ። 3 ሰከንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳትደርሱ ከነጎደ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ለ30 ደቂቃ አትውጡ። መኪና የሚያድነው በጎማው ነው የሚባለውም ስህተት ነው። የሚያድነው ዙሪያውን የከበበው ብረት ነው፤ መብረቁን በውጭ በኩል ወደ መሬት ያወርደዋል። በሸራ የተሸፈነ ባጃጅ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

"እዚህ አልዘነበም፣ ወንዙ አያሰጋም"

ቀበናን የመሳሰሉ ወንዞች የሚነሱት ከእንጦጦ ነው። እናንተ ዘንድ ፀሐይ ወጥቶ ላይ ተራራው ላይ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ድንገት ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ከላይ የሚያገሳ ድምፅ ከተሰማ፣ ጫማ እንኳ ለማንሳት አትመለሱ። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ የ4 ዓመት ልጅ ምን ሊሆን ነው? በድንጋይ ተረግጦ የሚታለፍ ጅረት ጠዋት ሲሄዱ ቀላል ነው፤ ሲመለሱ ላይገኝ ይችላል። እጅ መታጠቡንም አትርሱ፤ የሚፈስ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም፣ ከላይ ከብትም ሰውም አለ።

"ደመና ስለሆነ ፀሐይ አይጎዳም"

አልትራቫዮሌት ጨረር ስስ ደመናን ያልፋል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥርም ይበረታል። ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ልክ አናት ላይ ናት። ኮፍያ አይጥፋ። በተቃራኒው ደግሞ አራሶችን በተዘጋ መስኮት አጠገብ ፀሐይ የሚያሞቁ አሉ። ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ይሞቀዋል፣ ለአጥንቱ ግን አልጠቀመውም። ፀሐይ ብቅ ሲል መስኮቱን ክፈቱ ወይም ውጡ።

"ከብት የበላው እንጉዳይ አይመርዝም"

ውሸት ነው። ከብት የቻለውን የሰው ጉበት ላይችለው ይችላል፤ አንዳንዱ መርዝ ተቀቅሎም አይጠፋም። ልጆች የጅብ ጥላ ሲያገኙ መንቀል ይወዳሉ። ይዩት፣ ወደ አፍ ግን አይሂድ።

"ልጅ ለማዝናናት ብር ያስፈልጋል"

ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኩሬ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ይበቃዋል። ብር የሚያስፈልገው ለሳሙናው ነው።

"ፀሐይና ዝናብ አብረው ከሆኑ ጅብ ወለደች"

ይቺን ማረም እንኳ ያሳዝናል። ጅብ ወቅት አትመርጥም፤ ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ነው። ለልጆቹ ግን ሌላ የምታሳዩት ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ዙሩ፤ የማርያም መቀነት ካለች የምትታየው በዚያ በኩል ነው። ቀትር ላይ ግን አትድከሙ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች አትታይም።