ታካሃሺ ኮሬኪዮ

ታካሃሺ ኮሬኪዮ (1854–1936 እ.ኤ.አ.) ጃፓንን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩ፣ ከሁሉ በላይ ግን ደጋግመው በያዙት የገንዘብ ሚኒስትርነት የሚታወቁ የመንግሥት ሰው ናቸው። የሾጉኑ (የወቅቱ ወታደራዊ ገዥ) ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ከነበሩ አባት ያለ ጋብቻ ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ውስጥ ተወልደው፣ ዝቅተኛ ማዕረግ ባለው የሰንዳይ ሳሙራይ ቤት በማደጎ አደጉ። በ1867 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው ሳለ፣ ምንነቱን ሳያውቁ የፈረሙት ወረቀት ኦክላንድ ውስጥ የጉልበት ሥራ ውል ሆኖ ተገኘ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቢሮ የመጀመሪያው ኃላፊ ከሆኑ በኋላ ፔሩ ውስጥ የሞከሩት የብር ማዕድን ሥራ ከሰረ፤ በ1892 ወደ ጃፓን ባንክ ገቡ።

ስማቸውን ያስጠራው የ1904–05 የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ነው። የባንኩ ምክትል ገዥ ሳሉ ጃፓን ታሸንፋለች ብሎ የሚያምን አበዳሪ ጥቂት በነበረበት ወቅት ወደ ለንደን ተላኩ። በግንቦት 1904 የጉምሩክ ገቢን አስይዘው በ6 በመቶ ወለድ 10 ሚሊዮን ፓውንድ አገኙ፤ ግማሹን የኒው ዮርኩ ባለ ባንክ ጄኮብ ሺፍ ወገን አቀረበ። ሺፍን ያነሳሳው ሩሲያ በአይሁድ ላይ ታደርሰው የነበረው ግፍ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። በጦርነቱ ዘመን የተገኙት አራት ብድሮች በድምሩ 82 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሱ፤ የኋለኞቹ ወለድ ወደ 4.5 በመቶ መውረዱም የተደራዳሪውን ብስለት ይመሰክራል።

በ1911 የባንኩ ገዥ፣ በ1913 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃራ ታካሺ በ1921 ሲገደሉ ሥልጣኑን ተረክበው ሰባት ወር ያህል መሩ። በ1924 የመኳንንት ማዕረጋቸውን ትተው በሃራ የትውልድ ከተማ በሞሪዮካ ለሕዝብ ምክር ቤት ተወዳድረው አሸነፉ። በ1927 የባንኮች ቀውስ ለአጭር ጊዜ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመልሰው የሦስት ሳምንት የክፍያ እፎይታ አወጁ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ጀርባቸው ያልታተመ የገንዘብ ኖቶችም ወጡ።

በታኅሣሥ 1931 እንደገና ሲሾሙ ጃፓንን ወዲያው የገንዘብን ዋጋ ከወርቅ ጋር ከሚያያይዘው የወርቅ ሥርዓት አስወጡ። ቀድሞ 50 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው 100 የን (የጃፓን ገንዘብ) በ1932 መጨረሻ ወደ 20 ዶላር ወርዶ ወደ ውጭ የሚላከው ሸቀጥ ተስፋፋ። የመንግሥትን ቦንድ (የብድር ሰነድ) ማዕከላዊው ባንክ በቀጥታ እንዲገዛም አደረጉ። አገሪቱ ከዓለም ቀውስ ቀድማ ማገገሟ የእርሳቸው ሥራ ነው፤ ይሁንና ለኋለኛው የዋጋ ንረት በር ከፍተዋል የሚሉ አሉ። ይህን ትችት ሲመዝኑ፣ ኢኮኖሚው እንዳገገመ የቦንዱን ሽያጭ መቀነስ የጀመሩትና የጦሩን በጀት ለመግታት የቆሙት ራሳቸው እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም።

የካቲት 26 ቀን 1936 (እ.ኤ.አ.) ንጋት ላይ ያመፁ የጦር መኮንኖች አካሳካ በሚገኘው ቤታቸው ገብተው በ81 ዓመታቸው ገደሏቸው። ቤቱ ዛሬ በኤዶ–ቶኪዮ የሜዳ ላይ የሥነ ሕንፃ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ ቤቱ የነበረበት ግቢ ደግሞ በስማቸው የመታሰቢያ መናፈሻ ሆኗል።