ባጅ ስላንጠለጠሉ ልጆች የሚወራው እና እውነታው

የካቲት ሲገባ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ይመጣል። ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ መንገድ ይዘጋል። እኛም ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን እናወራለን፤ ሌላ ምን ይሠራል?

አንድ ጊዜ እስጢፋኖስ አካባቢ እንዲህ ቆመን ሳለ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ሱፉ ትንሽ የሰፋው ልጅ ከታክሲው ወርዶ በእግሩ መሮጥ ጀመረ። «ስብሰባ ሊያመልጠው ነው» አለ ረዳቱ። ከኋላ ወንበር አንድ አባት «እሱ ደግሞ እዚያ ምን ያደርጋል? ውሃ ሊያቀርብ ነው?» አሉ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ወዲያው አፈርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዲያ ዓይነት ባጅ አንጠልጥዬ ነበር፤ የሠራሁት ግን ውሃ ማቅረብ አልነበረም። (እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን አቅርቤያለሁ።)

አገሮች እርስ በርስ በሚያደርጉት ትብብር ውስጥ ወጣቱ ስላለው ቦታ ብዙ ይወራል። ከታክሲም ከካፌም የለቃቀምኳቸውን የተሳሳቱ ወሬዎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ይሄ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ወጣት የገባበት ገና አሁን ነው»

ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ያለውን አፍሪካ አዳራሽ ታውቁታላችሁ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። አዳራሹን ዝነኛ ያደረገው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የሸበቱትን፣ ባለማዕረጉን አፈወርቅ ነው። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ግን ሠዓሊው የ28 ዓመት ወጣት ነበር።

ሌላም አለ። ያኔ የአፍሪካ አገሮች የካዛብላንካ እና የሞንሮቪያ ቡድን ተባብለው ተከፋፍለው ነበር። ሁለቱን ወገን አዲስ አበባ ላይ ለማገናኘት እጅግ ከለፉት ሰዎች አንዱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ናቸው። ዕድሜያቸው 33 ነበር። ታንዛኒያዊው ሳሊም አህመድ ሳሊም ደግሞ በግብፅ የአገራቸው አምባሳደር ሲሆኑ 22 ዓመታቸው ነበር። በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ ለ12 ዓመት የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ዛሬ የ22 ዓመት ልጅ ለጀማሪ ሥራ ሲያመለክት «የሁለት ዓመት ልምድ» ይባላል።

ወጣቱ መጀመሪያም እዚያው ነበር። በኋላ ወንበሩ ከነተቀማጩ አረጀ እንጂ።

«ወጣት ወጣት ነው፤ ምን ያከራክራል?»

ያከራክራል እንጂ! የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ ሲቆጥር ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 24 ዓመት ያለውን ነው። ስለ ወጣቶች፣ ሰላምና ጸጥታ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2250 ከ18 እስከ 29 ይላል። የእኛው የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ያደርሰዋል።

ስለዚህ የ32 ዓመት ሰው ኅብረቱ ግቢ ውስጥ ወጣት ነው። ታክሲ ይዞ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ሲደርስ ጎልማሳ ይሆናል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን 30 ሲሞላቸው «አለቀልኝ» ብለው ማመልከት ያቆሙ ጓደኞች አሉኝ። ማስታወቂያው የቱን ዕድሜ እንደሚጠቀም ማየት ነው።

«ዘመድ ከሌለህ አትገባም»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል። ዘመድ የትም ቦታ ይጠቅማል፣ አንዋሽ። ግን በር አለ። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የተጀመረው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። የተመረጠ ሰው ለአንድ ዓመት ይመደባል፤ መኖሪያ የሚሆን አበልም አለው።

ሰው ሳያወራው የሚያልፈው ትልቁ አጥር ሌላ ነው፤ የቤት ኪራይ። በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ሥር ያለ ኢንተርንሺፕ ደመወዝ የለውም። እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽንም (ኢሲኤ) እዚያ ውስጥ ነው። እንደ ዩኒሴፍ ያሉ ቅርንጫፎች አበል ይከፍላሉ። ለአዲስ አበባ ልጅ እናቱ ቤት እያደረ ይወጣዋል። ከደሴ ወይም ከጂማ ለሚመጣው ግን ስድስት ወር ያለ ደመወዝ፣ ታክሲና ምሳ ከኪስ… ማን ይችለዋል? ዘመድን ስንረግም ይሄን እንዘነጋለን።

«እንግሊዝኛው ካልተንቆረቆረልህ ዝም ብለህ ተቀመጥ»

ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1936 ጄኔቭ ላይ ዓለም ፊት ቆመው የተናገሩት በአማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኒው ዮርክም እንደዚያው። አስተርጓሚ የሚባል ሙያ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ኅብረቱ ራሱ ከእንግሊዝኛ ሌላ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በስፓኒሽና በስዋሂሊ ይሠራል። እንግሊዝኛ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ያስፈልጋል። ግን ከሴኔጋል የመጣው ልጅም እንደኛው እየተንተባተበ ነው የሚናገረው፤ ጉዳዩን ጠንቅቆ ስላወቀ ይሰማል።

«ትብብር ማለት እርዳታ ነው»

አይደለም። አዲስ አበባና የጀርመኗ ላይፕሲግ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች ናቸው። ማንም ስንዴ አልጫነም።

«ዋናው መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክ መያዝ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ልጅ ድካም የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

መሪዎቹ በአውሮፕላን ሲገቡ ነገሩ አብዛኛው ያለቀ ነው። መጀመሪያ የየአገሩ አምባሳደሮች ያሉበት የቋሚ ተወካዮች ኮሚቴ የውሳኔውን ረቂቅ መስመር በመስመር ያየዋል። ቀጥሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት የሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት አለ። ለመሪዎቹ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጥር ላይ ረቂቁን ያላየ ሰው የካቲት ላይ ማይክ ቢሰጡት ምን ይላል? «ወጣቶች ይካተቱ!» ይላል። ይጨበጨብለታል። ፎቶ ይነሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እኔም ያንን ፎቶ ተነስቻለሁ። እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። ምን እንደተወሰነ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፣ እግዜር ይስጣት።

መብቱ ግን በወረቀት ተጽፏል። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እ.ኤ.አ. በ2006 ባንጁል ላይ ጸድቆ በ2009 ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 11ን ገልጣችሁ አንብቡት፤ አገሮች ወደ ስብሰባ በሚልኩት ልዑክ ውስጥ የወጣት ተወካይ እንዲያካትቱ ይላል። እንግዲህ ማንኳኳት ያለብን የጉባኤውን በር ሳይሆን የራሳችንን መሥሪያ ቤት ነው፤ ውጭ ጉዳይን፣ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይን። ያውም ከወራት በፊት፣ ባዶ እጅ ሳይሆን ወረቀት ይዞ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀውን የአፍሪካ ነፃ ንግድ ቀጣና የሴቶችና የወጣቶች ፕሮቶኮል ተመልከቱ። አንዲት ወጣት ነጋዴ ዕቃዋን ይዛ ድንበር ላይ ስትደርስ የሚጠቅማት እዚያ ውስጥ የሰፈረው ቃል ነው። ጭብጨባው አዳራሽ ውስጥ ቀርቷል።

የድሮው የካዛንቺስ ካፌያችን ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ አሁን የምንገናኘው ሜክሲኮ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት የማውቃት ልጅ እዚያ ላፕቶፕ ከፍታ አገኘኋት። ፀጉሯን በእስኪርቢቶ ጠቅልላ አስራለች። ማኪያቶዋ ቀዝቅዞ አረፋው ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ኮፕ 32ን፣ ማለትም የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤን ታስተናግዳለች። እሷና ጓደኞቿ የወጣቶችን ሐሳብ ከአሁኑ እየጻፉ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ 40 ደቂቃ ቆይታለች።

«ምንድነው እንዲህ የያዘሽ?»

ስክሪኑን አዞረችልኝ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ አገሮች ወጣቶች የሚሠሩበትን ፕሮጀክት «ያበረታታሉ» ይላል።

«ታዲያ ምን አለበት?»

«እኮ ምንም የለበትም! ማበረታታት ማንንም አያስከፍልም። አጨብጭበህ ትሄዳለህ።»

ቃሉን አጠፋችው። «ገንዘብ ይመድባሉ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አየችው። «ይሄን እንደሚቆርጡብኝ አውቃለሁ» አለች። «ግን ሲቆርጡት ማን እንደቆረጠው አያለሁ።»

ከዚያ አስተናጋጇን ጠርታ ሌላ ማኪያቶ አዘዘች። ትኩስ እንዲሆን አደራ ብላ።